ከጀርባችን የሚያድገው ገደል

ቀትር ላይ ፊሽካ ይነፋል። ሁለተኛው ሲከተል እናቶች የተሰጣውን እህል በጨርቅ ይሸፍናሉ፤ ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ። ከዚያ መሬቱ ከእግራችን በታች አንድ ጊዜ ድም ይልና የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ከኮረብታው ጀርባም ነጭ አቧራ ይነሣል። የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ገና ባልጀመረበት ቦታ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቤታችንን ሠርተን ስንገባ ከጓሯችን በስተኋላ የነበረው ባሕር ዛፍ የለበሰ ተዳፋት ነበር። ዛሬ በዚያው ቦታ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚያህል፣ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ አለ። አዋቂዎቹ «ካባው» እንለዋለን፣ ድንጋይ የሚወጣበት ስለሆነ። ልጆቹ ግን «ገደሉ» ይሉታል። የልጆቹ ስም ይበልጥ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅርቡ ሊጠይቀን የመጣ ዘመድ ስልኩን አውጥቶ ግድግዳውን ፎቶግራፍ አነሣና «አየርላንድ ሄጄ ነበር ብል ማን ይጠረጥረኛል?» አለ። እየቀለደ ነበር፤ ነገር ግን ብዙም አልራቀም። ካባው ሲቆረስ ጎን ለጎን ቆመው የተደረደሩ፣ አብዛኞቹ ባለ ስድስት ጎን የሆኑ ጥቁር ዓምዶች ወጥተዋል። በሰሜን አየርላንድ ጠረፍ ጃያንትስ ኮዝዌይ በሚባለው ቦታ እንዲህ ያሉ ወደ 40 ሺህ የሚደርሱ ዓምዶች አሉ። አገሬው አንድ ግዙፍ ሰው ባሕር ለመሻገር ያነጠፈው ድልድይ ነው እያለ ሲተርትላቸው ኖሯል። ሥራው ግን የእሳተ ገሞራ ነው። የቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። የበጋ ፀሐይ የመታው መረሬ አፈር እንዴት እንደሚተረተር ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልዩነቱ ስንጥቁ በአለቱ ውስጥ ሜትሮችን ወደ ታች መዝለቁ ነው። እዚያ ጎብኚ ከፍሎ የሚያየውን እኛ ሠፈር ገልባጭ መኪና እየጫነ ይወስደዋል። ቅሬታ አይደለም፤ የቤቴ መሠረት የቆመው በዚሁ ድንጋይ ነው።

በዓለም ላይ ያሉ ስመ ጥር ገደሎችን ፎቶግራፍ ስናይ ዐይናችን የሚያርፈው አናታቸው ላይ ነው። ገደል የሚሠራው ግን ከግርጌው ነው። ከላይ ራሱን ችሎ መቆም የሚችል ጠንካራ አለት ይኖራል፤ ከሥር ደግሞ እግሩን የሚበላ ነገር። ኖርዌይ ውስጥ ፕሬኬስቶለን የሚባለው፣ ከፊዮርዱ (በገደሎች መካከል ከገባው ጠባብ የባሕር ክንድ) ውኃ 604 ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ጠረጴዛ የተንጣለለው አለት የሚገኝበትን ሸለቆ የፈለፈለው የበረዶ ግግር ነው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ጠረፍ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የተባሉትን የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ከዋናው ገደል ነጥሎ ያቆማቸው ማዕበል ነው። (ስማቸው እንደዚያ ይበል እንጂ አሥራ ሁለት ሆነው አያውቁም።) ያው ማዕበል ሥራውን ስላላቆመ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 ከመካከላቸው አንዱ፣ 50 ሜትር ገደማ ይረዝም የነበረው፣ በቅጽበት የፍርስራሽ ክምር ሆነ።

ከቤታችን ቅርብ ያለው ታላቅ ምሳሌ ዓባይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ መኪናው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከላይ ያለው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ በየተራ ይመጣሉ። ወንዙ ለስላሳውን እየበላ ጠንካራውን ያለ ድጋፍ ያስቀረዋል፤ ጠንካራውም በጊዜው ይወድቃል። መንገዱ በጃፓን እርዳታ ከታደሰ በኋላም የሸለቆው ወገብ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ሲያጣምመው የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ የተዘረጋው ገና እየተሠራ ባለ ገደል ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ዙሪያም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ምዕራፍ ነው። የሰሜን ምዕራብ ደጋችንን የሸፈነው ወፍራም የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ከፈሰሰ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። የእንጦጦ አለት ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚደርሰው ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር ከብዙ ጊዜ በኋላ የፈነዱ፣ ዛሬ የከሰሙ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከተማዋ ራሷ የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፍልውኃ የሚፈላው ከሥሩ የመሬት ስብራት ስላለ ነው። ድንጋዩ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ፍሳሽና በሚቀጥለው መካከል ብዙ ሺህ ዓመት ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ አፈር ይፈጠራል፣ ሣር ይበቅላል። አዲሱ ፍሳሽ ሲመጣ ያንን አፈር ጠብሶ ከሥሩ ይቀብረዋል። በእኛ ካባ ግድግዳ ላይ ከጥቁሮቹ ዓምዶች ሥር ጉልበት የሚያህል ቀይ መቀነት ተጠምጥሞ ይታያል። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ሁሉ ደርቆ እያለ ከዚያ ቀይ መቀነት ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ይህ ነጠብጣብ ከፈንጂው ይልቅ ያሳስበኛል።

ምክር ለማይገባው ሰው ስንናገር «በድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ» እንላለን፤ ከንቱ ድካም ማለታችን ነው። አለትን የሚያጠና ሰው ግን ይህን አባባል አይቀበለውም። በድንጋይ ላይ የፈሰሰ ውኃ በዓምዶቹ መካከል ወርዶ ከታች ያለውን የተጠበሰ አፈር ያለሰልሰዋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ሲጠራቀም አለቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጠብታው በዝግታ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን በደቂቃ ይመጣል። በማልታ ጎዞ ደሴት ላይ የነበረው «ሰማያዊው መስኮት» የተባለ የድንጋይ ቅስት እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2017 ማዕበል ሲመታው ጠዋት ላይ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በጋላፓጎስ ደሴቶች የዳርዊን ቅስት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 ወደቀ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የአሜሪካው ነው። በኒው ሃምፕሸር ግዛት ከተራራ ጫፍ ላይ የሽማግሌ ፊት የሚመስል አለት ነበር፤ ግዛቲቱ በገንዘብ ሳንቲም ላይ ሳይቀር ያስቀረጸችው። ስንጥቁን ያዩ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምረው በብረት ማሠሪያ ወጥረው፣ በሲሚንቶ ደፍነው፣ በየዓመቱ እየወጡ እየመረመሩ ጠበቁት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 2003 ወደቀ። ያን ያህል ዘመን የተንከባከበው ሰው ያላዳነውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የካባ ግድግዳ እንዴት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ባሕሩም፣ ወንዙም፣ የበረዶ ግግሩም በሌለበት በእኛ ዳርቻ የገደሉን እግር የሚበላው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ድንጋይ ትበላለች። መንገዱ ጠጠር ይፈልጋል፤ የኮንዶሚኒየሙ ኮንክሪት ጠጠር ይፈልጋል፤ አጥሩ ጥርብ ድንጋይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን፣ ግቢው ገረገንቲ። ድንጋይ ከባድ ነው፣ ከሩቅ ማምጣት ያከስራል፤ ስለዚህ ካባ ሁልጊዜ ከተማው ጫፍ ላይ ይከፈታል። ከተማው ደግሞ አይቆምም፤ ትናንት ከመንደር ርቆ የተከፈተው ካባ ዛሬ በቤት ተከቧል። ድንጋይ ማውጣት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ሥራም አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት በመልካ ቁንጡሬና በባልጪት፣ የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየለቀሙ መሣሪያ ይጠርቡ ነበር። በየካ ኮረብታ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤልም ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ መቆፈሩ አይደለም። አቆፋፈሩ ነው፤ ከዚያም ይልቅ ቆፍሮ መሄዱ ነው።

ሙያው የሚያዝዘው ከላይ ወደ ታች በእርከን መቁረጥን ነው፤ እንደ ኮንሶ እርሻ። አንዱ እርከን ላይ የተላቀቀ ድንጋይ ከሥሩ ባለው እርከን ላይ ያርፋል፣ ግርጌ ድረስ አይደርስም። እርከን ግን ቦታ ይወስዳል፤ ከላይ ብዙ አፈር መግፈፍ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ነው። ርካሹ መንገድ ከሥር መቦርቦር ነው። ኤክስካቫተሩ ግርጌውን ይበላል፣ የላዩ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ መኪናው ይጭናል። በዲጂኖና በመዶሻ የሚሠሩት ወጣቶችም የሚመርጡት ይህንኑ ነው፤ በቀን ለሚጫን መኪና የሚከፈለው ሰው ስለ እርከን እንዲያስብ መጠበቅ አይቻልም። ልብ እንበል፤ ይህ ማዕበሉ በአውስትራሊያ፣ ዓባይ በጎሐ ጽዮን የሚሠራው ሥራ ራሱ ነው። የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ወንዙ ሚሊዮን ዓመታት የፈጀበትን አሠራር እኛ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጨርሰነዋል፤ አለቱ ተረጋግቶ የሚወድቀው የሚወድቅበት፣ የሚቀረው የሚቀርበት ጊዜ አላገኘም።

ከዚያ ቤቱ ይመጣል፤ ከግርጌም ከአፋፍም። ድንጋዩ ያለቀበት የካባ ወለል ሜዳ ስለሆነ ይታጠራል። አፋፉ ደግሞ አሻግሮ ስለሚያሳይ ይወደዳል። ተረታችን «አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይላል። እኛ ሠፈር ሳሩና ገደሉ አንድ ሆነዋል፤ ደላላው «እይታ ያለው ቦታ» እያለ የሚሸጠው ገደሉን ራሱን ነው። አፋፉ ላይ ቤት ሲበዛ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ይበዛል፤ የልብስ እጣቢው፣ የጣሪያው ፍሳሽ ወደዚያው ወደ ስንጥቁ ይገባል።

የዚህን መጨረሻ ካይሮ አይታዋለች። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሞቀጠም ገደል አለ፤ የፒራሚዶቹ ዘመን ሰዎች ሳይቀሩ የቆፈሩት የኖራ ድንጋይ። ከግርጌው ዱወይቃ የሚባል የድሆች ሠፈር ነበር፤ ከአናቱ ላይ ደግሞ ከተማ አድጓል። እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2008 ጠዋት፣ ረመዳን ስለነበር ብዙ ሰው ቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ከገደሉ የተገነጠሉ ግዙፍ ቋጥኞች በቤቶቹ ላይ ወረዱ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። አንዳንዱ ቋጥኝ እጅግ ትልቅ ስለነበር የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የሚያነሡበት መሣሪያ በጠባቡ መንገድ ሊገባላቸው አልቻለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ የተነገረው ከላይ ካለው መንደር ወደ አለቱ የሚሰርገው ፍሳሽ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው።

እኛም ከናዳ ጋር እንግዶች አይደለንም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመጀመሪያው ናዳ ያዳፈናቸውን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። የጎፋው ዝናብ ያራሰው አፈር ነበር፣ የቆሼው ቆሻሻ፤ አለት አልነበሩም። ግን የሦስቱም ሕግ አንድ ነው፦ ቁልቁል የቆመ ነገር፣ ሥሩ የተነካ ወይም ውስጡ የራሰ፣ ከፊቱም ሰው። በዚህ ላይ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ይጨመራል። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሁሉም የተነጋገረው ስለ ፎቅ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ይችል ይሆን ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ ካባ ግድግዳ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን የለም፤ መሬት ሲነቃነቅ ደግሞ ቀድሞ የሚወርደው በስንጥቅ የተከፋፈለው፣ ድጋፉን ያጣው አለት ነው።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሰጠ ከተማ አለ፤ ሆንግ ኮንግ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1972 በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ናዳ ወርዶ 138 ሰው ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ከሁለቱ በአንዱ ሠፈር እንደገና ሲናድ መንግሥት በ1977 ተዳፋትን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ዛሬ በሆንግ ኮንግ ሰው የቆረጣቸው ወይም የሞላቸው 60 ሺህ ያህል ተዳፋቶች ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ በሰሌዳ ተጽፎ እላዩ ላይ ተለጥፏል፣ የሚጠግነው ባለቤትም ይታወቃል። አንድ መንገደኛ ስንጥቅ ቢያይ «የእገሌ ሠፈር ገደል» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ቁጥሩን መናገር ይበቃዋል። ከምህንድስናው ሁሉ የምቀናበት ይህ ሰሌዳ ነው። ቆርቆሮ ነው፤ ቀለም ነው። ሀብታም መሆን አይጠይቅም።

በስዊዘርላንድ ደግሞ ከመቶ ያነሱ ሰዎች የሚኖሩባትን ብሪየንዝ የተባለች መንደር ባለሥልጣናቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ነዋሪዎቿን አስወጡ፤ ከበላይዋ ያለው ተራራ እየፈጠነ መንቀሳቀሱን መሣሪያዎች ስለነገሯቸው። በሰኔ አጋማሽ ሌሊት ከሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አለት ወርዶ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ማንም አልተጎዳም። በግንቦት 2025 ብላተን የተባለችው መንደር በወረደባት በረዶና አለት ስትቀበር ወደ 300 የሚጠጉ ነዋሪዎቿ ከቀናት በፊት ወጥተው ነበር፤ የሞተው አንድ ሰው ነው። መንደር ማዳን አልቻሉም፤ ሰው ማዳን ቻሉ። ተራራውን የሚለኩት ሌት ተቀን ስለነበር ነው።

በእኛ አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የወሰደ ሰው የአካባቢ ጉዳቱን አስቀድሞ እንዲያስጠና፣ የቆፈረውንም መሬት መልሶ እንዲያስተካክል ግዴታ ይጥላል። ፈቃድ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ ሌላ አገር አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ ጁካን ገደል ውስጥ ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት ይጠለልባቸው የነበሩ ዋሻዎችን ያፈነዳው ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ነበር። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሥልጣኑ የለቀቀው ዋሻው ከጠፋ በኋላ ነው። የእኛ ክፍተት ግን ከዚህም ቀለል ያለ ይመስለኛል። ካባ የሚሠራው ፈቃዱ እስካለ፣ ድንጋዩም እስካዋጣ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ክሬሸሩ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ግድግዳውና ክረምት ውኃ የሚያቁረው ጉድጓድ ለማንም ሳይሰጡ ይቀራሉ። በዚያ ላይ የከተማዋ ዳርቻ የሁለት አስተዳደሮች መገናኛ ነው። ባለፈው ዓመት ሦስት ጎረቤቶች ሆነን ማመልከቻ ይዘን ሄደን ነበር። አንደኛው ቢሮ አፋፉ የእኛ አይደለም አለን፤ ሌላኛው ግርጌው የእኛ አይደለም አለን። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ገደል ግን አፋፍና ግርጌ ተብሎ ተከፍሎ አይወድቅም።

ካባው ይዘጋ አልልም። ብንዘጋው ከተማው ድንጋይ መፈለጉን ስለማይተው ከእኛ ጓሮ ወደ ሌላ ሰው ጓሮ ይዛወራል። መጠየቅ የሚገባው ትንሽ ነገር ነው፦ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የተቆረጡ ግድግዳዎች ይቆጠሩ፤ ቁጥር ይሰጣቸው፤ ከአፋፋቸውና ከግርጌያቸው ስንት ሜትር ድረስ ቤት እንደማይሠራ በካርታ ይሰመር፤ የሚሄደው ድርጅትም ሳይሄድ ግድግዳውን በእርከን ቆርጦ ያስረክብ። የሚቆየውማ ለዐይን ያምራል። ዓምዶቹ ከታዩ፣ ግርጌው ከተከለለ፣ የትምህርት ቤት ልጆች የሚጎበኙት ቦታ ይሆናል። ሁልጊዜ ከመጽሐፍ ላይ የሩቅ አገር ፎቶግራፍ ከማየት ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ ግን መለኪያው የጎረቤታችን ነው። ጋሼ በመንገድ ሥራ ፎርማንነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አምና ሰኔ ከአፋፉ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ በባሕር ዛፎቹ ጉቶ መካከል፣ ቀጭን ስንጥቅ አዩ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል መቱ፤ በእያንዳንዱ አናት ላይ ምስማር ተከሉ። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ሜትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እኔም ጫፉን እይዝላቸዋለሁ። ሰኔ ላይ ከምስማር እስከ ምስማር 42 ሳንቲ ሜትር ነበር። ነሐሴ አጋማሽ 43 ከግማሽ ሆነ። ጳጉሜን ውስጥ 44 አለፈ። ቁጥሩን የሚጽፉት ቤታቸው በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ኅዳግ ላይ ነው። መስከረም ሲጠባ አዲስ የቀን መቁጠሪያ ገዙና የአሮጌውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ጀርባ ገለበጧቸው፤ ከሥራቸውም ብዙ ባዶ መስመር አሰመሩ።